ከፍትሐቱ አስቀድሞ፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የሚሞተውን ሰው ስለ ማስታመም



በእነዚህ ደጋዎች፣ ከጣርማ በር አፋፍ እስከ ጓሳ ሣር፣ ከግሼ ገደል እስከ ወንጭትና ጀማ ሸለቆ ድረስ፣ ሰው ከሞተበት ሰዓት ጀምሮ የሚደረግለት ነገር ሁሉ በሥርዓት የተወሰነ፣ ማን ምን እንደሚሠራም አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ጡሩምባ የሚነፋው ይነፋል፣ መቃብር የሚቈፍረው ይቈፍራል፣ ገናዡ ይገንዛል፣ ካህናቱ ፍትሐት ይፈታሉ፣ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፣ ዕድርተኛው ንፍሮውንና እንጀራውን ይዞ ይመጣል፤ ከዚያም ሠልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ በየተራቸው ይከተላሉ። ይህን የመሰለ ሥርዓት ያቆመ ሕዝብ ሙታኑን አላከበረም የሚል ቢኖር ሐሰተኛ ነው። እኔ ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ግን ከዚህ ሁሉ ስለሚቀድሙት ሳምንታትና ወራት ነው፤ ይኸውም ሕመሙ የማይድን መሆኑ ታውቆ፣ ሐኪሙም ወደ ቤት ውሰዱት ብሎ፣ ሕሙሙ በመደቡ ላይ ከተጋደመበት ቀን አንሥቶ ነፍሱ ከሥጋው እስክትለይ ድረስ ስላለው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ጡሩምባ የሚነፋ የለም፤ የተመደበ ተረኛ፣ የተቈረጠም መዋጮ የለም። አንዲት ሚስት ወይም አንዲት ሴት ልጅ ሌሊቱን ብቻዋን ተቀምጣ ታነጋዋለች፤ ዘመድ ጧት መጥቶ "እግዜር ይማርህ" ብሎ፣ ጥቂት ተቀምጦ ይሄዳል።

የምለው ነገር አጭር ነው። ለሞተው ሰው ካቆምነው ሥርዓት ጥቂቱ ወደ ፊት ተስቦ ለሚሞተው ሰው ይደረግለት እላለሁ። ይህም በርኅራኄ ብቻ የሚፈጸም ሳይሆን የራሱ ሙያ፣ የራሱ መድኃኒትና የራሱ ሰዓት ያለው የነርስ ሥራ ስለ ሆነ፣ ሙያው ምን እንደ ሆነ ለመናገር ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

ነገሩ የድሀ ቤት ችግር ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ከራሳችን አውራጃ ታሪክ ልጥቀስ። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በጽኑ ደዌ ተመትተው፣ አካላቸው ሽባ አንደበታቸውም እስር ሆኖ፣ ከአራት ዓመት በላይ በአልጋ ከማቀቁ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ስለ አልጋ ወራሹ ጉዳይ፣ ስለ መኳንንቱ ሹክሹክታና ስለ መማክርቱ ክርክር ብዙ ተጽፎ እናነባለን፤ የታመመውን ንጉሥ ሌሊት ማን ያገላብጣቸው እንደ ነበር፣ ጥማታቸውን ማን ያረካ እንደ ነበር ግን ለታሪክ የሚበቃ ነገር ሆኖ አልታየም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ እቴጌ ጣይቱን ከመንግሥት ሥራ ሲያገልሉ፣ ከእንግዲህ ተግባርዎ ባልዎን ማስታመም ብቻ ይሁን ብለው መወሰናቸው ነው። ማስታመም የሥልጣን መሻሪያ፣ እንደ ግዞት ያለ ነገር ሆኖ ተቈጠረ ማለት ነው! የንጉሠ ነገሥቱ ሞትም ቢሆን ከሕዝብ ተሰውሮ ቈየ። እንግዲህ ለንጉሠ ነገሥቱ አልጋ የተሰጠው ትኩረት ይህን ያህል ካነሰ፣ በሞላሌ ወይም በወገሬ አንድ ገበሬ በአጎዛው ላይ ሲማቅቅ ማን ይጽፍለታል?

በአውሮፓም ቢሆን ነገሩ የተለወጠው በቅርብ ጊዜ ነው። ሲስሊ ሳውንደርስ የተባለች እንግሊዛዊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነርስ ሆና፣ ወገቧን ብትታመም የሕሙማንን ማኅበራዊ ችግር የምታይ የሆስፒታል ሠራተኛ ሆና አገለገለች፤ በቅዱስ ሉቃስ ስም በተሰየመው በለንደን የሚሞቱ ሰዎች ማረፊያም በፈቃዷ ስትረዳ ሞርፊን ሥቃዩ እስኪነሣ ሳይጠበቅ በየ4 ሰዓቱ በአፍ ሲሰጥ አየች። ይህንንም የሚያደርጉት ነርሶች ነበሩ። ዶክተሮች ግን ነርስን አይሰሙምና ራሷ ሕክምና ተምራ ዶክተር ሆነች፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ፣ ማለትም የሚሞቱ ሰዎች ማስታመሚያ ቤት፣ በለንደን ከፈተች። ሥቃይ በሥጋ ብቻ የሚወሰን ሳይሆን የኅሊናም፣ የቤተሰብም፣ የነፍስም ሥቃይ በአንድነት ተጠላልፎ የሚገኝ መሆኑን ያስተማረችው እርሷ ናት። ይህን ትምህርት ለመረዳት የመንዝ ሰው ለንደን መሄድ አያስፈልገውም። ጡቷን በነቀርሳ የታመመች ሴት በጎችዋ ለአዲስ አበባው ሕክምና ተሸጠው አልቀው፣ ልጇ ትምህርቱን ትቶ፣ ቁስሏ ስለሚሸት ጎረቤት እያፈረባት፣ ለነፍስ አባቷም ያልተናገረችው ነገር በልቧ ተቀምጦ ስትተኛ፣ ከእነዚህ ሁሉ የትኛው ነው ሌሊት እንቅልፍ የነሣት? ኪኒን ብቻ የሰጣት ነርስ ሥራዋን በግማሽ ሠርታለች፤ ኪኒኑን ትታ መጽናናት ብቻ የሰጠቻትም እንዲሁ።

በአገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሲቋቋም መሥራቹ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ናት፤ እርሷም ነርስ ናት፤ ሥራውም በአብዛኛው ሕሙማንን በቤታቸው ሄዶ ማስታመም ነው። ከዚያም አስቀድሞ የማዘር ቴሬዛ ደናግል መነኮሳት ጧሪ የሌላቸውን ሊሞቱ የተቃረቡ ሰዎች እየሰበሰቡ ሲያስታምሙ ኖረዋል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2016 እ.ኤ.አ. ይህንን ሙያ የሚመለከት ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ጥሩ ነው፤ መመሪያ ግን ገደል አይወርድም፣ ወንዝም አይሻገርም።

የሕሙሙን መንገድ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከመንዝ ቀበሌዎች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ ያደርሱታል፤ ከመሐል ሜዳ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የመርሐቤቴው ሕሙም ከዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል ሲተላለፍ ጀማን ተሻግሮ፣ በለሚና በሙከ ጡሪ አድርጎ እዚያው ይደርሳል። ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ምድር የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበር፣ ወረፋውን ሲጠብቅ ደዌው ይበረታበት ነበር፤ በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚበዙት የጡትና የማኅፀን በር ነቀርሳዎችም አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ከረፈደ በኋላ ነው። ስለዚህ ያው ቃሬዛ ሕሙሙን መልሶ ያወጣዋል። በዚያ በመመለሻው መንገድ ላይ በኪሱ ምን ይዞ ይመለሳል? ብዙ ጊዜ የመመርመሪያ ወረቀትና ለሳምንት የማይበቃ ትራማዶል የሚባል ማስታገሻ። ወረቀቱ በሙዳይ ተቀምጦ ይኖራል፤ ትራማዶሉ ያልቃል፤ ሥቃዩ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው።

እንግዲህ ወደ ዋናው መድኃኒት ልምጣ፤ እዚህ ላይ ዘግየት ብል አትቆጡኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. የነቀርሳ ሥቃይን ስለ ማስታገስ ባወጣው ትምህርት በቀላል ሥቃይ በፓራሲታሞልና በኢቡፕሮፌን፣ ሲብስ በኮዴይን ወይም እርሱን በሚመስል፣ ሲጸና በሞርፊን እንዲታከም፣ መድኃኒቱም በተቻለ መጠን በአፍ፣ በተወሰነ ሰዓት እንዲሰጥ አዘዘ። ሞርፊን ዱቄቱ በንጹሕ ውኃ በልክ ተበጥብጦ የሚጠጣ፣ ዋጋውም ርካሽ የሆነ መራራ ፈሳሽ ነው፤ መርፌም፣ ባለ መርፌም አያስፈልገውም። ታዲያ በዓለም ላይ በያመቱ ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና የሞርፊን ወገን መድኃኒት ውስጥ ለድሆቹ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ መሆኑን በ2017 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ጉባኤ አስታውቋል። ማስታመም ከሚያስፈልጋቸው በያመቱ ከ56 ሚሊዮን ከሚበልጡ ሰዎችም የሚያገኙት ከመቶ 14 ያህሉ ናቸው። ይህ የድህነት ውጤት ብቻ አይመስለኝም፤ የፍርሃትም ውጤት ነው።

የሰዓቱ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ሥቃይ ሣር ቤት እንደ ያዘ እሳት ነው፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ለማጥፋት ብዙ እንስራ ውኃ ይጠይቃል፣ አስቀድሞ ለተጠነቀቀበት ግን አንድ ቅል ይበቃዋል። ሕሙሙ እስኪጮህ ጠብቆ መስጠት፣ ከጮኸም በኋላ "ትንሽ ታገሥ" ማለት፣ መድኃኒቱን ሥቃይን የሚያሳድድ እንጂ የማይቀድም ያደርገዋል። ስለዚህ ነርሷ ለቤተሰቡ እንዲህ ብላ ታስተምራለች፦ ጧት በ12 ሰዓት፣ ረፋዱ በ4 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት፣ ማታ በ12 ሰዓት ይሰጠው፤ ሌሊት በ4 ሰዓት እጥፍ ይሰጠውና እርሱም እናንተም እስኪነጋ ተኙ። በመካከል ሥቃዩ ቢነሣ ተጨማሪ አንድ ልክ ይጠጣል፤ ያንንም ልጁ በደብተሩ ላይ ይጽፈዋል፤ ነርሷም በሳምንቱ ስትመለስ ደብተሩን አይታ የዘወትሩን መጠን ትጨምራለች። መጀመሪያ የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ሞርፊን ለማያውቅ ሕሙም ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ግራም፤ ከዚያ ወዲያ ልኩን የሚወስነው የሕሙሙ ሥቃይ እንጂ በመጽሐፍ የተጻፈ ጣሪያ አይደለም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን መድኃኒቱ በአካሉ ስለሚጠራቀምበት መጠኑ ይቀንሳል፣ ሰዓቱም ይራዘማል።

ሰዎች የሚፈሩት ምንድን ነው? አንደኛው ሱስ ነው። ለሥቃይ በልክ የተሰጠ ሞርፊን የሚሞተውን ሰው የሱስ ባሪያ አያደርገውም፤ በድንገት ከተቋረጠ ሰውነቱ ይታወካል እንጂ፣ ይህም መጠኑን ቀስ በቀስ በመቀነስ የሚታረም ነው። ደግሞስ አንድ ወር የቀረውን ሰው ከሱስ ለመጠበቅ ብለን ወሩን በሙሉ እንዲቃትት ብንፈርድበት ይህ ምን ዓይነት ጥበቃ ነው? ሁለተኛው ፍርሃት ሞትን ያፋጥናል የሚል ነው፤ ይህም ከጥቂቱ ተነሥቶ በየደረጃው እየታየ ሲጨመር እውነት አይደለም፤ እንዲያውም ትንፋሹ ለሚያጥረው ሕሙም ጥቂት ሞርፊን ጭንቀቱን ያቀልለታል።

ሦስተኛው ፍርሃት የካህናቱ ነው፤ እኔም የማከብረው እርሱን ነው። መድኃኒቱ አእምሮን ያፈዛልና ሰውየው ሳይናዘዝ፣ ሳይቈርብ እንዳይሞት ይሰጋሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሕሙሙ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ብዙ ጊዜም ይህ እንቅልፍ ከሥቃዩ የተነሣ ያልተኛባቸው የሌሊቶች ዕዳ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አእምሮው ይመለሳል። በጻዕር ተይዞ የሚወራጭ ሰው ምን ዓይነት ንስሐ ሊገባ ይችላል? ኑዛዜስ እንዴት ይናገራል? መንዝ ክርክር የሚወድ፣ በድንበርና በርስት ጉዳይ ከሞት አልጋ ተነሥቶ ዳኛ ፊት የሚቆም ሰው ያለበት አገር ነው ይባላል፤ እንዲህ ባለ አገር ኑዛዜው በጩኸት የተቋረጠ አባት ለልጆቹ የሚተወው የዓመታት ሙግት ነው። ስለዚህ በዚህ ነገር ነርሷና የነፍስ አባቱ አንድ ዓይነት ጉዳይ አላቸው። ካህኑ በምን ሰዓት እንደሚመጣ ነርሷ አስቀድማ ብታውቅ፣ ሕሙሙ የሚነቃበትንና ሥቃይ የሌለበትን ሰዓት ልትነግረው ትችላለች።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ሞርፊን በእርግጥ የሚያመጣው፣ ካልተጠነቀቁለትም የማይተው መከራ የሆድ ድርቀት ነው። ሞርፊን ያዘዘ ቢሳኮዲልን ወይም እርሱን የሚመስል የሆድ ማለስለሻ አብሮ ካላዘዘ ሥራውን አላወቀም። ተልባን የለመዳችሁ እናቶች አትቀየሙኝ፤ ተልባ ብዙ ውኃ ለሚጠጣና ለሚንቀሳቀስ ሰው ይበጃል፣ በአልጋ ላይ ለተኛና ውኃ ለማይጠጣ የሞርፊን ሕሙም ግን ብቻውን አይበቃም፤ አንዳንድ ጊዜም ያብሳል። ማቅለሽለሽም በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል፤ ለእርሱ ብዙዎች ፕላሲል የሚሉት ሜቶክሎፕራማይድ ወይም ጥቂት ሃሎፔሪዶል ይሰጣል።

ከመድኃኒቱ ቀጥሎ ቤቱ ራሱ አለ። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ሌሊቱ ጽኑ ቍር ነውና ሕሙሙን ከምድጃው አጠገብ አስተኝቶ ባና መደራረብ ያባቶች ልማድ ነው፤ ነገር ግን ትንፋሹ ላጠረ ሰው ጢስ ገዳይ ነው። ይህን ሰው ወደ በሩ ጠጋ አድርጎ፣ ጀርባውን በእህል ጆንያ ደግፎ ቀና ማድረግ፣ ፊቱን ነፋስ እንዲነካው በቀስታ ማራገብ፣ ገላውን በበርኖስ መሸፈን ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል፤ ፊት ላይ የሚነካ ነፋስ የትንፋሽ ጭንቀትን የሚያቀልል መሆኑን ሐኪሞችም ተቀብለውታል። አጎዛችሁንም አትናቁት። በሌሎች አገሮች ሆስፒታሎች የበግ ጠጕር ያለበትን ቆዳ ከአልጋ ቁስል ለመከላከል ይጠቀሙበታል፤ የመንዝ ሰው ግን ልጁ ከከተማ ስፖንጅ ፍራሽ ሲገዛለት አጎዛውን አውጥቶ ይጥላል። በቀን በየ2 ሰዓቱ ገደማ ሕሙሙን ማገላበጥ፣ ተረከዙንና ዳሌውን ማየት፣ የቀላ ስፍራ ላይ ዳግም አለማስተኛት ነው የሚያስፈልገው። ማሸት ይጠቅማል ብለው የቀላውን ስፍራ የሚያሹ አሉ፤ ይህ ቆዳውን ይልጠዋል።

የሚሸት ቁስል የሕሙሙን ክብር ከሥቃዩ ይልቅ ይጐዳዋል፤ ሰው ይሸሸዋል፣ እርሱም ራሱን ይሸሻል። ለዚህ የሜትሮኒዳዞልን ኪኒን በደንብ ፈጭቶ ታጥቦ በደረቀው ቁስል ላይ መነስነስ ሽታውን በጥቂት ቀን ውስጥ ያጠፋዋል። በአንድ ብልቃጥ ኪኒን የጎረቤቶች እግር ወደዚያ ቤት እንዲመለስ ማድረግ መቻሉን ነርሶች እንድታስታውሱ እለምናለሁ፤ እኔ ከዚህ የበለጠ ርካሽ ዕርቅ አላውቅም።

ስለ ምግብ ደግሞ ከራሳችን ደግነት ጋር መጣላት አለብን። የሚሞት አካል ምግብ አይፈልግም፤ የሚሞተው ስላልበላ ሳይሆን፣ የማይበላው እየሞተ ስለ ሆነ ነው። እኛ ግን አጥሚት፣ አብሽ፣ በሶ፣ ሾርባ እያፈራረቅን፣ "በሞቴ አንዲት ብቻ" እያልን እናጐርሰዋለን፤ ሞት በደጁ ላይ ለቆመ ሰው በሞታችን መማፀናችን ሳያንስ፣ ትን ብሎት ወደ ሳንባው ይገባል። ጥቂት ከፈለገ ይቅመስ፤ ካልፈለገ ንጹሕ ጨርቅ በውኃ ነክሮ ከንፈሩንና ምላሱን ማርጠብ፣ አፉን ጥቂት ጨው በተጨመረበት ለብ ያለ ውኃ ማጠብ ፍቅርን የሚገልጽ ሥራ ነው። የጾሙም ነገር እንዲሁ ነው፤ ፍትሐ ነገሥት ሕሙምን ከጾም ግዴታ ነጻ አድርጎታል፤ ሕሙሙ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ከነርስ አይቀበልም፣ ከነፍስ አባቱ አንደበት ሲሰማው ብቻ ልቡ ያርፋል። ጠበልም ቢሆን የሚጠጣ ይጠጣው፣ የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ አባቶችን የምለምነው ጠበል የያዘ መድኃኒት ያቁም የሚለውን ቃል እንዳትናገሩ፣ የሚናገረውንም እንድትገሥጹ ነው። ለሙስሊም ወንድሞቻችንም ኢማሞቹ በረመዳን ሕሙም ከጾም ነጻ መሆኑን ቢናገሩ ነርስ ከምትናገረው ይልቅ ይሰማሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስሁ፤ ይህም እውነቱን ለሕሙሙ የመንገር ነገር ነው። ሐኪሙ ለወንድሙ ይነግረዋል፤ ወንድሙ ለአጎቱ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሕሙሙ ብቻ አያውቅም ይባላል። እርሱ ግን ያውቃል፤ የቤተሰቡ ዐይን እየሸሸው፣ ለክረምት የሚዘራው ዘር እርሱ ሳይጠየቅ ሲመረጥ እንዴት አያውቅም? የሚገርመው ይህን የምናደርገው እኛ የክፉ ወሬ መንገርን ጥበብ የማናውቅ ሆነን አይደለም። መርዶን ተመልከቱ! መርዶ ነጋሪ ብቻውን አይሄድም፤ የሚነገረው ሰው እህል ቀምሶ ማደሩን ይጠይቃል፤ ልበ ደካማ እንደ ሆነ ያጣራል፤ ሽማግሌ ይመርጣል፣ የቅርብ ዘመድ ይሰበስባል፤ ሳይነጋ ሄዶ ከበው ይቀመጡና ያረዱታል፤ ካረዱትም በኋላ ብቻውን ትተውት አይሄዱም። የዛሬ ዘመን የሕክምና ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ክፉ ዜና ስለ መንገር የሚያስተምረው ከዚህ ብዙ አይበልጥም፤ ስፍራውን አዘጋጅ፣ ዘመድ ይኑር፣ ምን እንደሚያውቅ አስቀድመህ ጠይቅ፣ በቀስታ ንገር፣ ከነገርህ በኋላ አትሽሽ ነው የሚለው። የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሕሙሙ ራሱ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ መጠየቅ። ማወቅ የማይፈልግ አለና እርሱን ማስገደድ አይገባም። የሚፈልገውን ግን "ትድናለህ" እያልን እስከ መጨረሻው ብናታልለው፣ ከልጆቹ ጋር ሊሰናበትበት የሚገባውን ቀን ሰርቀነዋል።

ስለ ሥራው አሠራር ደግሞ እንዲህ ይመስለኛል። ሐኪም በየቀበሌው አይገኝም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን ትገኛለች፤ ቤቱንም፣ ውሻውንም፣ የቤተሰቡን ጠብም ታውቃለች። እርሷ የሚሞተውን ሰው ለጤና ጣቢያው ነርስ ታስታውቅ፤ ነርሷ በሳምንት አንድ ቀን ትምጣ፤ መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሐኪም በስልክ ይጠየቅ። በዩጋንዳ በ1993 እ.ኤ.አ. በዶክተር አን ሜሪማን የተመሠረተው ሆስፒስ ፈሳሽ ሞርፊንን በየመንደሩ አደረሰ፤ በኋላም በ2004 እ.ኤ.አ. የአገሩ ሕግ ተለይተው የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቀደ። ይህ ለእኛም ሊመከርበት የሚገባ ነገር ነው፤ ሐኪም ከሌለበት ደጋ ላይ የሐኪም ፊርማ መጠየቅ መድኃኒቱን መከልከል ነውና፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

የቀረው የዕድር ዳኞች ድርሻ ነው። ዕድር ለሞት ብቻ የተቋቋመ ነው የሚሉኝ አሉ። ነገር ግን በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመሙ አባሎቻቸውን በቤታቸው ወደ ማስታመም ተመልሰዋል፤ በስድስቱ ቃላተ ወንጌልም የታመመን መጠየቅ ተቈጥሯልና ይህ አዲስ ሥርዓት አይባልም። ተዝካርን አትብሉ አላልሁም፤ ከገብሱ ጥቂት ቁና ለአስታማሚዋ አስቀድሞ ይድረስ፣ ሌሊት የምትቀመጠዋን ሴት በሳምንት ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው ተክቷት ትተኛ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚፈልጥ ተረኛ ይመደብ ነው የምለው።

ስለ መጨረሻዎቹ ሰዓታትም ቤተሰቡ አስቀድሞ ይነገረው። እግሩና እጁ ይቀዘቅዛል፤ ትንፋሹ እየራቀ፣ አንዳንዴም ቆሞ እየተመለሰ ይሄዳል፤ በጉሮሮው የተጠራቀመው ምራቅ የሚያስፈራ ድምፅ ያሰማል፤ ይህ ድምፅ ተቀማጩን እንጂ ሕሙሙን አብዛኛውን ጊዜ አያስጨንቀውም፤ በጎኑ ማስተኛት ይቀንሰዋል። በዚህ ሰዓት ውኃ በጉሮሮው ማፍሰስ ክልክል ነው። መዋጥ ሲያቅተው የሞርፊኑ ጥቂት ጠብታ በጉንጩ ውስጥ ይደረግለታል እንጂ መድኃኒቱ አይቋረጥም። መስማት እስከ መጨረሻው ይቈያል ተብሎ ይታመናልና በአልጋው ዳር ስለ ቀብሩ ወጪ አይመከር።

ካረፈም በኋላ ለነርሷ አንድ ሥራ ይቀራታል፤ በብልቃጡ ውስጥ የተረፈው ሞርፊን ነው። መድኃኒቱ በልጆች እጅ ወይም በገበያ እንዳይገኝ ተለክቶ፣ በምስክር ፊት ተጽፎ ለጤና ጣቢያው መመለስ አለበት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከጠፋ ለሚቀጥለው ሕሙም የሚሰጥ ባለሥልጣን አይገኝም። በቀብር ማግሥት የድንኳኑን እንጨት፣ ድስቱንና ብርጭቆውን ቈጥሮ የሚረከበው የዕድር ጸሐፊ ስለ ሆነ፣ ብልቃጡንም እርሱ ቈጥሮ ከነርሷ ጋር ይፈርምበት።